ሃይማኖቱን በፍቅር ሥራ ያተመ መምህር፤ የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ሰኞ ተጀምሮ እሑድ እስኪፈጸም ድረስ ለየዕለቱ ተከፍሎ የሚጸለየውን ውዳሴ ማርያምን የማያውቅ ካህን የለም። በንባብ ቤት ያለ ሕፃን እንኳ ከዳዊት ጋር አስተባብሮ በቃሉ ይይዘዋል፤ እናቶቻችንም ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው በለሆሳስ ይደግሙታል። የዚህ ጸሎት ደራሲ በአባቶች ትውፊት ቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ መሆኑ ለሁሉ የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ስሙን በየዕለቱ የምንጠራውን ይህን አባት ብዙዎቻችን የምናውቀው በድርሰቱ ነው እንጂ በኑሮው አይደለም። ይልቁንም በመጨረሻይቱ የሕይወቱ ዓመት ብዕሩን አስቀምጦ፥ ከበአቱ ወጥቶ፥ በረኃብ ለወደቁ ሰዎች አልጋ ያነጠፈና ሙታንን በእጁ የቀበረ መሆኑን የሚያውቅ ጥቂት ነው።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የዚህን ቅዱስ ሕይወት በአጭሩ እናወሳለን። የምናወሳበትም ምክንያት ታሪክን ለማወቅ ብቻ አይደለም። እኛ መጻሕፍትን ስንማርና ስናስተምር የኖርን ሰዎች ራሳችንን ልንጠይቀው የሚገባ አንድ ጥያቄ ስላለ ነው። ሃይማኖትን መጠበቅ ማለት የቃሉን ድንበር መጠበቅ ብቻ ነውን? ወይስ በድንበሩ አጠገብ ወድቆ የተገኘውን ሰው ማንሣት ጭምር ነው? ቅዱስ ኤፍሬም ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠው በክርክር አይደለም፤ በኑሮው ነው። በዚህ ጽሑፍ ያሉት የጥንት ዓመታት የተቈጠሩት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አንባቢ ያስተውል።

ቅዱስ ኤፍሬም የተወለደው በ306 ዓ. ም. ገደማ፥ በጤግሮስና በኤፍራጥስ ወንዞች መካከል ባለችው አገር፥ ንጽቢን በምትባል ከተማ ነው። ይህች ከተማ ዛሬ በቱርክ አገር፥ በሶርያ ድንበር አፋፍ ላይ የምትገኝ ሲሆን ኑሳይቢን ትባላለች። በዚያን ዘመን የሮም መንግሥትና የፋርስ መንግሥት የሚገናኙባት የጠረፍ ከተማ ስለ ነበረች፥ በሰላም ጊዜ የነጋዴ መተላለፊያ፥ በጦርነት ጊዜ ደግሞ የሠራዊት መጋጠሚያ ነበረች። ስለ ወላጆቹ የሚነገረው ሁለት ዐይነት ነው። ትውፊት ወላጆቹ አረማውያን እንደ ነበሩ ይተርካል፤ ከራሱ ድርሰቶች ደግሞ ከልጅነቱ ጀምሮ በእውነት መንገድ ማደጉን የሚያመለክት ቃል ይገኛል። ሁለቱም ግን በአንድ ነገር ይስማማሉ፤ ይኸውም ኤፍሬምን ኤፍሬም ያደረገው የንጽቢን ኤጲስ ቆጶስ የቅዱስ ያዕቆብ ትምህርትና ምግባር መሆኑ ነው።

ቅዱስ ያዕቆብ ዘንጽቢን በ325 ዓ. ም. በኒቅያ ከተሰበሰቡት ሦስት መቶ ዐሥራ ስምንቱ ሊቃውንት ጋር የተቈጠረ አባት ነው። ከጉባኤው ሲመለስ የወሰነውን ሃይማኖት ለሕዝቡ ማስተማር ነበረበት፤ ለዚህም ሥራ ወጣቱን ኤፍሬምን ረዳት አደረገው። ኤፍሬምም በማዕርገ ዲቁና ተሹሞ፥ መጻሕፍትን የሚተረጕምና ሕፃናትን የሚያስተምር ሆነ። ማዕርጉም እስከ ዕለተ ሞቱ ከዲቁና አላለፈም። የታሪክ ጸሐፊው ሶዞሜን እንደሚተርከው፥ ኤጲስ ቆጶስነት ሊሾሙት በፈለጉ ጊዜ በገበያ መካከል እንደ እብድ ሰው እየሆነ ታይቷል፤ ሊወስዱት የመጡትም አእምሮውን የሳተ መስሏቸው ትተውት ሄደዋል። ሹመትን ለማግኘት ሰው እንደ ብልህ ይታይ ዘንድ ይደክማል፤ ይህ አባት ግን ሹመትን ለመሸሽ እንደ ሰነፍ መቈጠርን መረጠ።

የንጽቢን ኑሮ የሰላም ኑሮ አልነበረም። ንጉሥ ቈስጠንጢኖስ በ337 ዓ. ም. ካረፈ በኋላ የፋርሱ ንጉሥ ዳግማዊ ሳቦር ከተማይቱን ሊይዝ ሦስት ጊዜ ከበባት፤ ይኸውም በ338፥ በ346 እና በ350 ዓ. ም. ነው። መምህሩ ቅዱስ ያዕቆብ ያረፈው በመጀመሪያው ከበባ ዓመት ነው። ከሁሉ የከፋው ሦስተኛው ከበባ ነበር። የፋርስ ሠራዊት በከተማይቱ አጠገብ የሚያልፈውን ወንዝ ገድቦ ውኃውን በቅጥሩ ላይ ለቀቀው፤ ቅጥሩም በአንድ ወገን ፈረሰ። ሆኖም ውኃው ምድሩን ጭቃ ስላደረገው የፋርስ ፈረሶችና ዝሆኖች በጭቃው ተያዙ፤ ሕዝቡም የፈረሰውን ቅጥር ሌሊቱን ጠግኖ አደረ፤ ጠላትም ሳይቀናው ተመለሰ። ቅዱስ ኤፍሬም በድርሰቱ ንጽቢንን በማዕበል መካከል እንደ ተንሳፈፈችው እንደ ኖኅ መርከብ አድርጎ መስሏታል።

ይህን ነገር በመጠኑ ልናስተውለው ይገባል። ቅዱስ ኤፍሬም ነገረ እግዚአብሔርን የተማረው በጸጥታ ጉባኤ ውስጥ ተቀምጦ አይደለም። የተማረው የእናቶች ልቅሶ በሚሰማበት፥ እህል በሚሰፈርበትና ውኃ በሚቈጠርበት በተከበበ ከተማ ውስጥ ነው። ከመምህሩ በኋላ የተነሡትን ጳጳሳት ባቡን፥ ወላጋሽንና አብርሃምን በመዝሙሩ ሲያመሰግን፥ ያመሰገናቸው ሕዝባቸውን በመከራ ጊዜ እንዴት እንደ ጠበቁ እያሰበ ነው። በእርሱ ዘንድ ጥሩ መምህር ማለት በቃሉ የሚያስተምር ብቻ አልነበረም፤ ቅጥር ሲፈርስ አብሮ ጭቃ የሚያቦካ ጭምር ነበር።

በ363 ዓ. ም. ደግሞ ሌላ መከራ መጣ። ከሃዲው ዮልያኖስ ፋርስን ሊወጋ ዘምቶ በጦር ሜዳ ሞተ። በእርሱ ፈንታ የነገሠው ዮብያኖስ ሠራዊቱን ይዞ ለመውጣት ሲል ሦስት ጊዜ ያልተሸነፈችውን ንጽቢንን ለፋርስ ንጉሥ በስምምነት ለቀቀ። ቅዱስ ኤፍሬም የከሃዲውን ንጉሥ ሬሳ በከተማይቱ ቅጥር አጠገብ ሲያልፍ፥ የፋርስም ዓላማ በግንብዋ ላይ ተሰቅሎ በዐይኑ አይቷል። ክርስቲያኑ ሕዝብ ቤቱን፥ እርሻውንና የአባቶቹን መቃብር ትቶ እንዲወጣ ታዘዘ። ኤፍሬምም ዕድሜው ስድሳ ሊሞላ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት፥ ከተሰደደው ሕዝብ ጋር ተሰደደ። እንግዲህ ኋላ ለእንግዳና ለስደተኛ ያሳየውን ርኅራኄ ስንሰማ፥ እርሱ ራሱ በመንገድ ላይ ዕቃውን ተሸክሞ የሄደ ስደተኛ እንደ ነበረ አንርሳ።

ከስደቱ በኋላ ያረፈባት አገር ዕዴሳ ናት፤ በእኛ መጻሕፍት ሮሐ የምትባለው፥ ዛሬ በቱርክ አገር ኡርፋ ተብላ የምትጠራው ከተማ ናት። በዚያም ዐሥር ዓመት ያህል ኖረ። ዕዴሳ ጥንታዊት የክርስቲያን ከተማ ብትሆንም በዚያን ጊዜ በብዙ ትምህርት የተከፋፈለች ነበረች። የመርቅያን፥ የማኒና የአርዮስ ተከታዮች በየስፍራው ነበሩባት። ከሁሉም ይልቅ ሕዝቡን የሳበው ከ154 እስከ 222 ዓ. ም. የኖረው የዕዴሳው ፈላስፋ ባርዴሳን ነው። ይህ ሰው ትምህርቱን እንደ ዳዊት መዝሙር ቍጥር በ150 መዝሙር አድርጎ በጣፋጭ ዜማ ሠርቶት ስለ ነበር፥ ሰዎች ትምህርቱን ባያውቁትም ዜማውን ይወዱት ነበር። የቀናችውን ሃይማኖት የያዙት ምእመናን ግን በቍጥር አንሰው ነበርና፥ ጳሉጥ በሚባል በቀድሞ ጳጳሳቸው ስም ይጠሯቸው ጀመር። ቅዱስ ኤፍሬምም በዚህ እጅግ አዘነ፤ የክርስቶስ ወገን በሰው ስም መጠራቱን አጥብቆ ነቀፈ።

ቅዱስ ኤፍሬም ይህን ባየ ጊዜ ዜማን በዜማ መለሰው። ምዕራፍና አዝማች ያላቸውን መዝሙራት እያዘጋጀ፥ ሥጋዌንና ጥምቀትን፥ ጾምንና ትንሣኤን፥ የእመቤታችንንም ክብር በሚጣፍጥ ቃል ለሕዝቡ አስተማረ። መዝሙሩንም እንዲያዜሙ የመረጠው በድንግልና የሚኖሩትንና በሶርያ ቤተ ክርስቲያን የኪዳን ልጆች የሚባሉትን ሴቶች ነው። እርሱ በመካከላቸው ቆሞ ይመራቸው ነበር። ቅዳሴው በቤተ ክርስቲያናችን የታወቀው፥ በ521 ዓ. ም. ያረፈው ያዕቆብ ዘሥሩግ፥ ስለ ቅዱስ ኤፍሬም በደረሰው ድርሳን ከሁሉ አብልጦ ያመሰገነው ይህን ሥራውን ነው። በዝምታ ይቀመጡ የነበሩትን ሴቶች አፍ ለምስጋና መክፈቱን እንደ ታላቅ ሥራ ቈጥሮለታል። የላቲኑ ሊቅ ሄሮኒሞስም በ392 ዓ. ም. ባዘጋጀው የታላላቅ ሰዎች ታሪክ፥ የኤፍሬም ድርሰቶች በአንዳንድ አብያተ ክርስቲያናት ከቅዱሳት መጻሕፍት ንባብ በኋላ ይነበቡ እንደ ነበር መስክሯል።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ሳንሸሽግ እንናገር። ቅዱስ ኤፍሬም በድርሰቱ ለመናፍቃን የዋህ አልነበረም። ቃሉ እንደ ሰይፍ የተሳለ ነበር፤ በዛሬ ዘመን ጆሮ ሲሰማም አንዳንዱ የከረረ ነው። ሃይማኖትን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ፥ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው አልነበረም። ስለዚህ የዚህን አባት ፍቅር ስናወሳ ሃይማኖት አያስፈልግም ለማለት የምንጠቅሰው የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ነገር ግን ይኸው ለሃይማኖት የቀና አባት ሌላም ያስተማረው ትምህርት አለ። በዘመኑ ስለ ወልድ ልደት እየተከራከሩ፥ በማይመረመረው ባሕርይ ውስጥ ሊገቡ የሚደፍሩ ሰዎች በዝተው ነበር። እርሱ ግን እግዚአብሔርን በምርምር ልንደርስበት አንችልም፤ በአድናቆት፥ በጸጥታና በምስጋና ልንቀርበው ይገባል ብሎ አስተማረ። ለዚህም ነው ነገረ ሃይማኖቱን በክርክር መጽሐፍ ሳይሆን በመዝሙር የጻፈው። የሚዘምር ሰው ከሚከራከር ሰው ይልቅ ልቡን ይከፍታል።

በዚህም ሁሉ እስከ ስድሳ ስድስት ዓመት ያህል ዕድሜው ድረስ፥ ሰው ሲያየው ሥራው የተፈጸመ ይመስል ነበር። ሕዝቡን አስተምሯል፤ መናፍቃንን ረትቷል፤ የማይቈጠር ድርሰት ደርሷል። የቀረው በበአቱ ተቀምጦ በጸሎት ዕለተ ሞቱን መጠበቅ ነበር። እርሱም እንዲሁ ሊያደርግ ወደ በአቱ ገብቶ ነበር።

ነገር ግን በ372 ዓ. ም. ገደማ በዕዴሳ ታላቅ ረኃብ ሆነ። ታሪኩን ጳላድዮስ በ420 ዓ. ም. ገደማ ስለ መነኮሳት በጻፈው መጽሐፍ፥ ሶዞሜንም በቤተ ክርስቲያን ታሪኩ ተርከውታል። እህል ከገበያ ጠፋ። ከገጠርም ብዙ ሰዎች የሚበሉትን ፍለጋ ወደ ከተማይቱ ገቡ፤ በየአደባባዩና በየመንገዱ ዳር ወድቀው ይሞቱ ጀመር። እህል ግን ፈጽሞ አልጠፋም ነበር፤ በባለጠጎች ጎተራ ተዘግቶበት ነበር።

ቅዱስ ኤፍሬም ይህን በሰማ ጊዜ ልቡ አላስቀመጠውም። ሽማግሌው ዲያቆን በአቱን ትቶ ወጣ። ወደ ከተማይቱ ባለጠጎች ሄዶ፥ በሰዎች ሞት ላይ ገንዘብን ማከማቸት የገዛ ነፍስን ማጥፋት መሆኑን እየነገረ ገሠጻቸው። ባለጠጎቹም የሰጡት መልስ በየዘመኑ የሚሰማ መልስ ነው። መስጠትስ እንወድ ነበር፤ ነገር ግን ገንዘቡን ሳያጐድል ለድኆች የሚያደርስ የታመነ ሰው አጣን፤ ሁሉ ለራሱ ነው የሚሆነው አሉት። ምክንያታቸው እውነትም ይሁን ሰበብ ኤፍሬም ሊከራከራቸው አልወደደም። እኔን እንዴት ታዩኛላችሁ ብሎ ጠየቃቸው። እነርሱም የእግዚአብሔር ሰው መሆኑን ስለሚያውቁ ሊክዱት አልቻሉም። እንግዲያውስ ለዚህ ሥራ እኔን ሹሙኝ አላቸው። ከኤጲስ ቆጶስነት እንደ እብድ ሆኖ የሸሸው ሰው፥ የድኆች መጋቢነትን ግን በራሱ አፍ ለመነ። በሕይወቱ ሁሉ የፈለገው ሹመት ይህ አንዱ ብቻ ነው።

ገንዘቡን ከተቀበለ በኋላ ያደረገው ሥራ ሥርዓት ያለው ነበር። በአደባባይ ዳር በአዕማድ ላይ የቆሙትን መጠለያዎች ከልሎ ክፍል አደረጋቸው፤ በዚያም 300 ያህል አልጋዎች አዘጋጀ። የተራቡትን አበላ፤ የታመሙትን አስታመመ፤ የሞቱትን በክብር ቀበረ፤ የመዳን ተስፋ ያላቸውን ደግሞ እስኪበረቱ ድረስ ጠበቃቸው። በከተማይቱ ለሚኖሩት ብቻ አይደለም፤ ረኃብ ከየገጠሩ ያመጣቸውን እንግዶች ሁሉ ተቀበለ። ይህንንም ያደረገው ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ በዓል አይደለም፤ ረኃቡ እስኪያልፍ ድረስ ዓመት ሙሉ ነው።

አንባቢ ሆይ፥ እዚህ ላይ ቆም ብለህ አስተውል። ዕዴሳ በሃይማኖት የተከፋፈለች ከተማ መሆኗን ቀደም ብለን አይተናል። ቅዱስ ኤፍሬምም በዚያች ከተማ ዐሥር ዓመት ሙሉ የእነዚህን ወገኖች ትምህርት ሲነቅፍ የኖረ ሰው ነው። ነገር ግን ታሪኩን የጻፉልን ሰዎች፥ ወደ አልጋው ለመድረስ ሰው ሃይማኖቱን ይጠየቅ ነበር ብለው አልጻፉም። የጻፉት የተራበ መብላቱን፥ የታመመ መታከሙን፥ እንግዳ መጠለሉን ነው። በመዝሙሩ የስሕተትን ትምህርት ከእውነት የለየ ይኸው እጅ፥ ለተራበ ሰው እንጀራ ሲቈርስ ግን ሌላ መለያ አልፈለገም፤ ረኃቡ ብቻ በቂ ምስክር ሆነው። ለትምህርት ድንበር አለው፤ ለፍቅር ግን ድንበር የለውም። ይህን ያልለየ ሰው ወይ ሃይማኖቱን ያፈርሳል፥ ወይ ፍቅሩን ያጠፋል።

ደግሞም በዚያው ዘመን በቂሣርያ የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ በ369 ዓ. ም. ገደማ በአገሩ ረኃብ በሆነ ጊዜ፥ የባለጠጎችን ጎተራ በስብከቱ አስከፍቶ ድኆችን መግቧል፤ ኋላም ለድኆችና ለሕሙማን ታላቅ ማረፊያ ሠርቷል። ትውፊት እነዚህን ሁለት ቅዱሳን በአንድ ቤተ ክርስቲያን እንደ ተገናኙ ይተርካል። በቋንቋ አንዱ ጽርዓዊ፥ ሌላው ሶርያዊ ነበሩ። የሚያስማማቸው ግን የኒቅያ ሃይማኖት ብቻ አልነበረም፤ ሁለቱም ያችን ሃይማኖት በተራበ ሰው ፊት ሲፈተኑ አላፈሩባትም።

ዓመቱ ካለፈ በኋላ ምድር ፍሬዋን ሰጠች። ሰዎቹም ወደየቤታቸው ተመለሱ፤ አልጋዎቹም ባዶ ሆኑ። ቅዱስ ኤፍሬምም የሚሠራው ሥራ ስላልቀረው ወደ በአቱ ተመለሰ፤ ከአንድ ወር በኋላም ዐረፈ። የዕዴሳ የታሪክ መዝገብ የዕረፍቱን ቀን ሰኔ በገባ በዘጠነኛው ቀን፥ በ373 ዓ. ም. ብሎ መዝግቦታል፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን በዓሉን የምታከብረው ሐምሌ 15 ቀን ነው። ኑዛዜው ተብሎ በሚነገረው ጽሑፍ ከታላላቆች ጋር በቤተ ክርስቲያን እንዳይቀብሩት፥ ከድኆችና ከእንግዶች መቃብር እንዲያደርጉት አደራ ብሏል። በሕይወቱ ያስታመማቸውን ሰዎች በሞቱም ሊለይ አልወደደም።

እንግዲህ ይህን ሕይወት ሳስብ የተማሪነቴ ዘመን ትዝ ይለኛል። እኛ በአብነት ትምህርት ቤት ያደግን ሰዎች ደበሎ ለብሰን፥ አኩፋዳ አንግተን፥ በየደጁ በእንተ ስማ ለማርያም እያልን ለምነን የተማርን ነን። ውሻ እያባረረን፥ ዝናብ እየመታን በሄድንበት መንደር፥ ገና ፊደል ያልቈጠረች ባልቴት ካላት ቍራሽ እንጀራ ከፍላ ትሰጠን ነበር። የየት አገር ልጅ ነህ፥ የማንኛው መምህር ተማሪ ነህ ብላ አልጠየቀችኝም። የእመቤታችንን ስም ሰማች፤ የተራበ ልጅ አየች፤ ሰጠች። ውዳሴ ማርያምን ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው፤ የውዳሴ ማርያምን ደራሲ ልብ ያስተማረችኝ ግን ያች ባልቴት ናት። ከዚያ በኋላ መጻሕፍትን ብዙ አየሁ፤ አንድምታውንም ተማርሁ። ዳሩ ግን ከእነዚያ ሁሉ መጻሕፍት መካከል የተሰወረውን ምስጢር በእጅዋ ገልጣ ያሳየችኝ እርስዋ መሆንዋን ዕድሜዬ ሲገፋ ይበልጥ እረዳለሁ።

ስለዚህ በተለይ ለእኛ ለካህናትና ለመምህራን ይህ ታሪክ ተግሣጽ ነው። እንደ ቅዱስ ኤፍሬም ስለ ሃይማኖት መቅናት ከሁላችን ይጠበቃል። ነገር ግን ቅንዓታችን በጉባኤ ብቻ የሚነድድ፥ በደጃፋችን በወደቀው ሰው ፊት ግን የሚቀዘቅዝ ከሆነ፥ እሳቱ ከመንፈስ ቅዱስ ነው ለማለት ያስቸግራል። አንዳንድ ጊዜ ስለ አንዲት ቃል ትርጓሜ ውሎ አድሮ የሚከራከር ሰው፥ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የሚያድረውን ነዳይ ስሙን እንኳ አያውቀውም። ዝክር ሲዘከር የሚታወቁት በቤት ውስጥ ተቀምጠው ይበላሉ፤ የማይታወቁት ግን በውጭ ሆነው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። በዓል በቀረበ ጊዜ እህሉን እስኪወደድ ድረስ በጎተራ የሚያቈይ ነጋዴም በበዓሉ ቀን ነጭ ለብሶ ከፊት ይቆማል። ይህ ሁሉ የሚያሳየው ትምህርቱ ከጆሮ ወደ እጅ እንዳልወረደ ነው።

በአገራችንም በ1966 እና በ1977 ዓ. ም. በእኛ አቈጣጠር የደረሰውን ረኃብ ያየ ሰው፥ የዕዴሳን ታሪክ እንደ ሩቅ ታሪክ አይሰማውም። ሰው በመንገድ ዳር ሲወድቅ ያየ ዐይን፥ 300 አልጋ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃል። ዛሬም በጦርነት፥ በድርቅና በስደት ከቤቱ የተፈናቀለ ወገን በየአውራጃው አለ። ስለ እርሱ ስንጠየቅ የምንሰጠው መልስ እንደ ዕዴሳ ባለጠጎች፥ የታመነ ሰው አጣን የሚል እንዳይሆን እንጠንቀቅ። የታመነ ሰው ከጠፋ፥ የታመነ ሰው ሆኖ መገኘት የካህን ሥራ ነው። ቅዱስ ኤፍሬም ለእምነታቸው ማጣት ያቀረበው መድኃኒት ሌላ አልነበረም፤ ራሱን ነው ያቀረበው።

ምናልባት አንዳንድ ወንድም፥ ፍቅር ይበቃል ካልን ትምህርተ ሃይማኖት ለምን ያስፈልጋል ይል ይሆናል። መልሱ ከዚሁ ከቅዱሱ ኑሮ ይገኛል። ኤፍሬም ያስተማረው ሃይማኖት፥ አምላክ የባሪያውን መልክ ይዞ፥ ከሰማይ ወርዶ፥ ከድንግል ተወልዶ፥ የእኛን ድህነት ድህነቱ ማድረጉን ነው። እንግዲህ ይህን አምኖ የተናገረ ሰው፥ ከበአቱ ወርዶ ወደ ድኆች ካልሄደ፥ የተናገረውን አላመነውም ማለት ነው። ስለዚህ ኤፍሬም ወደ አደባባይ የወጣው ትምህርቱን ትቶ አይደለም፤ ትምህርቱ ራሱ አወጣው። ሃይማኖት ሥር ናት፤ ፍቅር ፍሬ ናት። ሥር ያለ ፍሬ ቢገኝ ባለ እርሻው አይደሰትም፤ ፍሬን የሚፈልግ ሰውም ሥርን አይነቅልም። ነገር ግን የተራበ መንገደኛ ወደ ዛፉ ሲቀርብ የሚፈልገው ፍሬውን ነው፤ ስለ ሥሩ ጥልቀት ቢነግሩት አይጠግብም።

ጌታችንም በመጨረሻው ቀን በዙፋኑ ተቀምጦ ሊፈርድ ሲመጣ የሚጠይቀው ምን እንደ ሆነ በወንጌሉ አስቀድሞ ነግሮናል። ስለ ተራበ፥ ስለ ተጠማ፥ ስለ ታረዘ፥ ስለ ታመመ፥ ስለ ታሰረና ስለ እንግዳ ይጠይቃል። በዚያን ቀን ቅዱስ ኤፍሬም ድርሰቶቹን ተሸክሞ ሳይሆን፥ በአዕማዱ ሥር የተኙትን ሕሙማን አስከትሎ እንደሚቀርብ አምናለሁ። እኛስ ማንን አስከትለን እንቀርባለን? ነገ ጠዋት ውዳሴ ማርያምን ስንደግም፥ የደራሲውን ስም ስናስብ፥ ይህን ጥያቄ አብረን እናስብ፤ ከጸሎቱም በኋላ በደጁ የተቀመጠውን ሰው ሳናይ አንለፍ።

የቅዱስ ኤፍሬም ሶርያዊ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።